የኤዝራ ኮልቢ አንድ ድል

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት የተነሣሁት እንደ ወትሮዬ ነው። ሰገድኩ፤ ሻይ አፈላሁ፤ የትናንቱን ዳቦ አሙቄ በቅቤ በላሁ። መስኮቱን ስከፍት ከጄኔቭ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ የሚመጣው አውቶቡስ የሰፈራችንን የሰርቬትን ዳገት እያቃሰተ ይወጣ ነበር። ከምድር ቤቱ በላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ውሻቸውን ይዘው ወጡ። ብርጭቆዬን አጠብኩ፤ ቆሻሻ ይዤ ወረድኩ፤ ስመለስ የፖስታ ሣጥኑን ከፈትኩ። የስልክ ሒሳብ፣ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ እና ከዙሪክ የተላከ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው የተጻፈው ለባለቤቴ ነው።

ባለቤቴ ዐብዱ የሞተው ኅዳር ላይ ነበር። ይህ ግንቦት ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1995። ለሟች ደብዳቤ መምጣቱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ባንኩም የጥርስ ሐኪሙም ይጽፉ ነበር። ለእነሱ የምመልሰው አጭር ዐረፍተ ነገር በፈረንሳይኛ አዘጋጅቻለሁ። ይህኛው ግን በእንግሊዝኛ ነበር፤ በታይፕ ተመትቶ፣ ኅዳጉ በልክ ተጠብቆ።

«ውድ አቶ ዐብዱ፤ ኤዝራ ኮልቢን የሚመለከተውን ቁራጭ ጋዜጣ በጸደይ ይዘውልኝ እንደሚመጡ ጽፈውልኝ ነበር። የአዲሱ እትም ገጾች በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋሉ። እስከዚያ ካላየሁት የኮልቢ መስመር እንደ ነበረ ይታተማል። አክባሪዎ ኤች. ሽቴትለር፣ ኧርሊኮን።»

ወንበር ስቤ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ተናደድኩ። በማን እንደ ተናደድኩ ግን አላወቅሁም።

ኤዝራ ኮልቢ ማን እንደ ሆነ ላስረዳ። ዐብዱ ለእንግዳ ሲያስረዳ ምሽቱን ይፈጅ ነበር፤ እኔ ላሳጥረው። ቤዝቦል በሚባለው የአሜሪካኖች ጨዋታ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ኮልቢ ወርዋሪ ነበር። የተጫወተው ከመቶ ዓመት በፊት፣ ለጨዋታው ደመወዝ መከፈል በጀመረበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ኳሷ የምትወረወረው ከወገብ በታች ነበር። የሚመታው ሰው ደግሞ «ከፍ አድርጋት» ወይም «ዝቅ አድርጋት» ብሎ ያዝዛል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ «ሥጋ ቤት ነው እንዴ?» ብዬው ነበር። ዐብዱ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ቀልዱን የራሱ አድርጎ ለሰው ሁሉ ያወራው ጀመር።

ኮልቢን የተዋወቀው ደሴ፣ በልጅነቱ ነው። የሒሳብ አስተማሪው አሜሪካዊ ነበር። ክፍልፋይና አማካይ የሚያስተምራቸው ከአገሩ ይዞት ከመጣው ወፍራም የቤዝቦል መዝገብ ነው፤ ወደ አገሩ ሲመለስ መዝገቡን ለዐብዱ ተወለት። ውስጡ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ወርዋሪዎች አሉ። ለኮልቢ የተሰጠችው አንዲት መስመር ናት፦ የጀመራቸው ጨዋታዎች አሥራ አንድ፣ የጨረሳቸው አሥራ አንድ፣ ሽንፈት አሥራ አንድ፣ ድል ዜሮ።

«አየሽ፣ አንዱንም አቋርጦ አልወጣም» ይለኝ ነበር ዐብዱ። «ሁሉንም እስከ መጨረሻው ቆሞ ነው የተሸነፈው።»

«ታዲያ ለምን ደጋግመው አሰለፉት?»

«እኔስ ምን አልኩ? እሱን አይደል የምጠይቀው?»

ይህ ጥያቄ አብሮት አደገ። ዩኒቨርሲቲ ስንተዋወቅ ነበረው፤ ጄኔቭ መጥተን በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የስታትስቲክስ ክፍል ሲቀጠርም ነበረው። ቀን የክትባት ቁጥር ይደምራል፣ ማታ የኮልቢን። በመጨረሻ የደረሰበት ነገር ይህ ነው። ኮልቢ ዊልያም የሚባል ወንድም ነበረው፤ እሱም ወርዋሪ ነው፤ ከኤዝራ ይበልጥ የታወቀ። ወንድማማቾቹ በአንድ ቡድን ሳሉ ቡድኑ አንድ የሐምሌ ጨዋታ አሸነፈ። የወረወረው «ኮልቢ» ነው ተብሎ ተመዘገበ፤ የትኛው ኮልቢ እንደ ሆነ አልተጻፈም። ከብዙ ዘመን በኋላ መዝገቡን ያጠናቀረው ሰው ድሉን ለዊልያም ሰጠው። ሳያይ፣ በግምት። ዐብዱ ይህ ሰው በተነሣ ቁጥር «ያላየውን የሚጽፍ» ይለው ነበር። ከዚህ የከፋ ስድብ ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

አሜሪካ ላሉ ብዙ ሰዎች ጻፈ። አብዛኞቹ አልመለሱለትም። ከዚያ የዚያ ጨዋታ መዝጋቢ የልጅ ልጅ የሆኑ አሮጊት ተገኙ፤ አያታቸው ከከተማቸው ጋዜጣ ቆርጠው ያቆዩትን ቁራጭ ላኩለት። ኮፒውን ሳይሆን ራሱን ቁራጩን ነው የላኩት። ስለ አያቴ የጠየቀኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ ብለው። የዚያን ቀን ጋዜጣ ሌላ ቅጂ የትም ቤተ መጻሕፍት እንደሌለ ዐብዱ አጣርቷል፤ አሮጊቷም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ቁራጩ ላይ ስሙ በሙሉ ተጽፏል፦ ኤዝራ ኮልቢ። ዐብዱ ብርሃን ይጎዳዋል ብሎ ፎቶኮፒ እንኳ አላስነሣውም። በወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ከተተው። ያነበበልኝ እሱ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆነን ነው።

ያገኘውን ለአሁኑ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ በአገራቸው አጠራር ለሄር ሽቴትለር፣ በደብዳቤ አሳወቀ። የጥንቱን መዝገብ በሚያርመው ማኅበር ውስጥ ከአውሮፓ አባላት የሚመጣውን እርማት የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። እርማት ሲታተም ከገጹ ግርጌ የአራሚው ስም ይገባል። የዐብዱ አስከሬን ደሴ ሄዷል። ሃያ ዓመት በኖረበት በዚህ አገር ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ የለም። በኮልቢ መስመር ግርጌ ስሙ ከነአባቱ እንዲጻፍለት ፈለግሁ። ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

ቁራጩ ያለው ካቩ ውስጥ፣ ምድር ቤት ባለው የዕቃ ማስቀመጫችን መስሎኝ ነበር።

ዐብዱ በሞተ ማግስት ታላቅ እኅቱ ሀጅራ ከዙሪክ መጣች፤ ከደረሰችበት ደቂቃ ጀምሮ ቤቱ የእሷ ሆነ። ይህ መሆን ያለበት ነው። ሐዘንተኛ አይነሣም፣ አያዝዝም፣ ድስት አይነካም፤ ሌላው ይሠራል። አልጋው ተነሣ፣ ጠረጴዛው ኮሪደር ወጣ፣ ፍራሽ ተነጠፈ። የዐብዱ የሥራ ጥግ ለወንዶቹ መቀመጫ ተፈለገ። እኔ ፍራሹ ላይ ሆኜ ሀጅራ የወረቀቱን ካርቶን አቅፋ በበሩ ስታልፍ አየኋት። የፕላስቲኩ ጫፍ ከላይ ብቅ ብሎ ነበር። ባሏ በሞተ ማግስት ስለ ካርቶን የምትናገር ሴት ደሴም ጄኔቭም የለችም። ወደ ካቩ እየወሰደችው ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ደብዳቤው በመጣ ቀን ወርጄ ካርቶኑን አገኘሁት። የዐብዱ የአማርኛ ማስታወሻዎች አሉ። ከአባቱ የወረሳቸው በዐረብኛ የተጻፉ ዱዓዎች በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው አሉ። የታተመ ነገር ግን አንድም የለም። የአሮጊቷ ደብዳቤ የለም። ፕላስቲኩም የለም። መብራቱ በየጊዜው በራሱ እየጠፋ፣ እየተነሣሁ እያበራሁ እንደገና ፈለግሁ።

ግራንድ ሳኮኔ ሰፈር በአንድ አምባሳደር ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ መስታወት በለቅሶው ሰሞን ኩሽናችን ውስጥ ሳህን ስታጥብ ነበር የሰነበተችው። ጴንጤ ናት፤ ሳሎን ዱዓ ሲደረግ እሷ ከሳህኖቹ ጋር የራሷን ጸሎት ትጸልይ ነበር። ደወልኩላት።

«የትኛው ካርቶን?» አለች። «ቆይ፣ ያ የወረቀቱ? ሀጅራ ናታ የለየችው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ የፈጣሪ ስም ያለበት ወዲህ፣ የዐብዱ እጅ ጽሑፍ ወዲህ፣ የቀረው ወዲያ። እኔን ገመድ ፈልጊልኝ ብላ አንከራታኛለች።»

«ገመድ ለምን?»

«ልታስርበት ነዋ። ምነው፣ ምን ጠፋሽ? ልምጣ?»

«አትምጪ። ምንም አልጠፋኝም።»

«አንቺ መቼ ጠፍቶሽ ያውቃል» አለች መስታወት።

ለሄር ሽቴትለር ደወልኩና ባለቤቴ መሞቱን ነገርኳቸው። በተመረጠ እንግሊዝኛ ሐዘናቸውን ገለጡልኝ፤ በዚያው ድምፅ ቁራጩን ማን እንደሚያመጣው ጠየቁኝ። «እኔ» አልኩ። የሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጠሩኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ከኮርናቫን ባቡር ያዝኩ። ከሎዛን ጀምሮ ዝናብ ነበር። ለሀጅራ የምላትን በልቤ ሳዘጋጅ ሄድኩ፤ በርን ከተማ ስደርስ ያዘጋጀሁትን ጣልኩና ሌላ ጀመርኩ። ዙሪክ ላይ ኤስ-ባን ወደሚሉት የከተማ ባቡር ቀይሬ የእነሀጅራ ሰፈር አፎልተርን ወረድኩ። ሁሉም ሕንጻ አንድ ዓይነት ነው፤ የእሷን የማውቀው በረንዳው ላይ በተሰጣው አንሶላ ብዛት ነው።

ሀጅራ በሩን ከፍታ አቀፈችኝና ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። እኔ ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁላት። ባለቤቷ መሐመድሁሴን ሥራ ሄዷል። ምሳ ቀርቦ ነበር።

«ብዪ» አለች። «ከስተሻል። በሰው ፊት አታለቅሺ፣ በሰው ፊት አትበዪ።»

«እት ሀጅራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«መጀመሪያ ብዪ።»

እየበላሁ ቀና ስል አየሁት። ማቀዝቀዣው ጎን ላይ የሕንጻው ነዋሪዎች የልብስ ማጠቢያ ተራ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። እዚህ አገር ማጠቢያ ክፍሉ የጋራ ነው፤ የሰው ተራ የነካ ጎረቤት በቀላሉ ይቅር አይባልም። ወረቀቱ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ነው። በፕላስቲኩ ጥግ፣ በዐብዱ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም «ኮልቢ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይህን ፕላስቲክ ከየት አመጣሽው?»

«ከእናንተ ቤት ነው። ጥሩ ፕላስቲክ ነው፤ አይጨማደድም።»

«ውስጡ የነበረውስ?»

«የቱ? ያ ሊበጣጠስ የደረሰው ጋዜጣ? ከሌላው ወረቀት ጋር አስሬ አወጣሁት እንጂ። በማግስቱ ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌ ወረቀት የሚሰበስብበት ቀን ነበር። ፕላስቲኩን ግን ለይቼ ነው፤ ከወረቀት ጋር አይቀላቀልም። መስታወት ብትተዋት ሁሉንም በአንድ ከረጢት ልትወረውረው ነበር። ጄኔቭ ሁላችሁም ዝርክርኮች ናችሁ። እኔ አራት ማዕዘን አድርጌ፣ በመስቀልኛ ነው ያሰርኩት። የወሰዱት ሰዎች ሳይገርማቸው አይቀርም።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ወረቀቱ ምን እንደ ነበር ድምፄን ሳላነሣ ነገርኳት፤ ስለ ወንድማማቾቹ፣ ስለ አሮጊቷ፣ ከገጹ ግርጌ ስለሚገባው ስም። ስትሰማኝ መጀመሪያ ፊቷ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ደግሞ ወደ ቁጣ ዞረ።

«የወንድሜን ሬሳ አሳፍሬ፣ ያን ሁሉ ሰው እንቅልፍ ሳላይ አስተናግጄ፣ አሁን ስለ ጋዜጣ ትጠይቂኛለሽ?»

«አልወቀስኩሽም እኮ።»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ። ውቀሺኝ። ጩኺብኝ። ለእሱ አንዲት እንባ ሳትወጣሽ ለወረቀት ባቡር ተሳፍረሽ መጣሽ።»

ይህን የምትለው እሷ ብቻ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ያለቀስኩበትን ቦታ ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ሀጅራ ሳህኖቹን አነሣች፤ ውሃ ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ «ሰውየው የት ነው የሚኖረው?» አለች።

«ኧርሊኮን። እዚሁ ጎረቤታችሁ።»

«እኔም እመጣለሁ። በእንግሊዝኛ ብትነግሪው ልቡ አይገባም። በራሱ አፍ ልንገረው።»

ሄር ሽቴትለር ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ክራባት ላይ ሹራብ ደርበዋል። የመኖሪያ ክፍላቸው ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ ፋይል ነው። ሻይና ብስኩት አቀረቡልን፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ተቀመጡ። ቁራጩ እንደሌለ ነገርኳቸው። እንዴት እንደሌለ የነገረቻቸው ሀጅራ ናት፤ በዙሪክ ጀርመንኛ፣ በእጇ ገመድ እየቋጠረች። ጋዜጣው ወደ ታሰረበት ስትደርስ ሰውየው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ፕላስቲኩን መለየቷን ስትነግራቸው ግን ሳያስቡት «ትክክል ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በእንግሊዝኛ ቀጠሉ። «አንድ ደንብ አለን። ማስረጃው ቢጠፋ እንኳ ካገኘው ሰው ሌላ አንድ ሰው በዐይኑ አንብቦት ከሆነ እርማቱ ይገባል። ባለቤትዎ አንድ ናቸው። እርስዎ አንብበውታል?»

ብዕራቸውን አንሥተው ጠበቁ። ሀጅራ ጥያቄው ገብቷት ነበር።

«አንብቤዋለሁ በያቸው» አለችኝ በአማርኛ።

«አላነበብኩትም።»

«ዐብዱ አንብቦልሻል። ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነት አለው።»

«ለማን?»

ለዐብዱ፣ ልላት ነበር፤ ተውኩት። «ባለቤቴ አነበበልኝ» አልኳቸው ለሄር ሽቴትለር። «ወረቀቱን ከሩቅ አይቼዋለሁ። ስሙን ራሴ አላነበብኩም።»

ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ተመለሰ። ስለ መሥሪያ ቤቴ ጠየቁኝ። የአንድ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እንደምመዘግብ ነገርኳቸው፤ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ አክብሮት ምንም አልጠቀመኝም።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች ሀጅራ በጀርመንኛ።

ሁለታችንም ወደ እሷ ዞርን።

«ከፕላስቲኩ ያወጣሁት በእጄ ነው። እንዳይበጣጠስብኝ በቀስታ ነው የሳብኩት። ጎኑ ላይ የጫማ ሥዕል ነበረበት። ረጅም ጫማ፣ ገመድ ያለው።»

ሄር ሽቴትለር ከወንበራቸው ተነሥተው አንድ ፋይል አወረዱ። የዐብዱን ደብዳቤ አወጡ፤ በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና ቆሙ። «በግራ ጠርዝ በኩል የቡትስ ጫማ ማስታወቂያ» ብለው አነበቡ። ጉንጫቸው ቀልቶ ነበር። እኔም የሻይ ብርጭቆዬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ሁለት ሴት ነን» አለችኝ ሀጅራ፤ ፊቷ በርቷል። «እኔ ያየሁ፣ አንቺ የሰማሽ። በእኛ በእስላሞች ደንብ አንድ ወንድ ምስክር እንሞላለን።»

ሄር ሽቴትለር ምን እንዳለች ጠየቁኝ። «ቀልድ ነው» አልኩ።

«ስሙንስ አይተውታል?» አሏት።

«ስም እኔ አልስትም» አለች። ውሸቷን አልነበረም። ሀጅራ የምትሠራው በአረጋውያን መኖሪያ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፤ የየሰዉን ሸሚዝ ኮሌታው ላይ በተሰፋው ስም ለይታ የምታጥፈው እሷ ናት። ይህንንም ነገረቻቸው።

ሄር ሽቴትለር ሁለት ባዶ ካርዶች አወጡ። በአንዱ ላይ ኤዝራ ኮልቢ፣ በሌላው ላይ ዊልያም ኮልቢ ብለው በማተሚያ ፊደል ጻፉ፤ ፊቷ ጎን ለጎን አስቀመጡላት። «የትኛው ነበር?»

ሀጅራ ካርዶቹን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ምን እንደምትጠብቅ አውቄያለሁ። ኤዝራ ወደሚለው ካርድ ብመለከት ይበቃት ነበር። ሰውየው የሚያዩት የእሷን እጅ እንጂ የእኔን ፊት አይደለም። ድሉ ይገባል፤ ስሙም ይገባል፤ ነገሩም እውነት ነው። ግን ሀጅራ ከፊቴ ላይ ካነበበችው ያየሁት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ አላየሁም። ዐብዱን፣ ያላዩት ነገር በማይጻፍበት መጽሐፍ ውስጥ፣ ባላየነው ነገር ላስገባው ነበር። ፊቴን እንደ ነበረ ያዝኩት። ይህን ማድረግ እችልበታለሁ።

«የቱ ነው?» አለች በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አልመለስኩም።

ሀጅራ ጣቷን ከፍ አድርጋ ዊልያም የሚለው ላይ አሳረፈችው። «ይህ ነው። ይህን ስም አውቀዋለሁ።»

ሄር ሽቴትለር ካርዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። እርግጠኛ መሆኗን ጠየቋት። አዎ አለች፤ አዎ ስትል ግን ወደ እኔ እያየች ነበር።

«እንግዲህ አቶ ዐብዱ ኤዝራ ይላሉ፤ ወይዘሮዋ ዊልያም ይላሉ» አሉ። «መስመሩ እንደ ነበረ ይታተማል። አዝናለሁ። እኔ በግሌ አቶ ዐብዱን አምናቸዋለሁ።»

«ካመኗቸው ይጻፉታ» አለች ሀጅራ።

«የማምነውን አይደለም የምጽፈው።»

ዐብዱ ቢሰማው ይህን መልስ በጣም ይወደው ነበር። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ሁለቱንም ጠላኋቸው፤ ሽማግሌውንም፣ ዐብዱንም።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ዝናቡ አላቆመም ነበር። ጣሪያዋ ሥር ተጠግተን ቆምን።

«ዊልያም አልነበረም፤ አይደል?» አለች ሀጅራ።

«አልነበረም።»

«ሥራ ቦታዬ ሁለተኛ ፎቅ ዊልያም የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ አሉን። ሸሚዛቸውን በየቀኑ ነው የማጥፈው። ስሙን ሳየው ያወቅሁት መሰለኝ።»

«ገብቶኛል።»

«ትንሽ ብቻ ፊትሽን ብታሳዪኝ ምን ነበረበት?»

«እት ሀጅራ...»

«ለቅሶውም ላይ እንዲሁ ነበርሽ። ምን ልበላት፣ ምን ላድርግላት ብዬ ፊትሽን ባይ፣ ባይ፣ ምንም የለም። የተዘጋ በር ነው። ዝም ብዬ ልቀመጥ? ቤት አጸዳሁ። ያገኘሁት ሥራ እሱ ነው።»

አውቶቡሱ መጣ፤ የእሷ እንጂ የእኔ አልነበረም። ከቦርሳዋ ፕላስቲኩን አወጣች። ከቤት ስንወጣ ከማቀዝቀዣው ላይ ነቅላው ነበር የመጣችው፤ ሳላያት።

«ውሰጂው» አለች። «የማጠቢያውን ተራ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ላመሰግናት አስቤ ነበር። ቃሉን ሳላወጣው በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ በኩል እጇን አነሣችልኝ፤ እኔም አነሣሁላት። ከዚያ እስከ ጄኔቭ ድረስ ፕላስቲኩን በእጄ ይዤ ሄድኩ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ብከተው ይጨማደዳል ብዬ፤ እሱ ደግሞ የማይጨማደድ ነው።

መጽሐፉ የወጣው በመስከረም ነው። ሄር ሽቴትለር አንድ ቅጂ በፖስታ ላኩልኝ፤ ለእኔ፣ በስሜ። የኮልቢን ገጽ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ግርጌው ላይ የሌሎች አራሚዎች ስሞች በትንንሽ ፊደል ተደርድረዋል፤ ከካንሳስ፣ ከኦሃዮ፣ አንድ ከሮተርዳም።

ሀጅራ አሁን በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። በልቼ እንደ ሆነ ትጠይቀኛለች፤ አዎ እላታለሁ። መጽሐፉ በደረሰኝ ቀን እንደ ደወለች «ወጣ?» አለችኝ።

«ወጣ።»

«ምን ይላል?»

«እንደ ድሮው ነው የሚለው።»

ከጀርባዋ የማጠቢያው ማሽን ሲዞር ይሰማኝ ነበር።

ባዶውን ፕላስቲክ እዚያ ገጽ ላይ አድርጌ መጽሐፉን ከደሴው መዝገብ አጠገብ አኖርኩት። ከገጹ ግርጌ የዐብዱ ስም የለም። ኤዝራ ኮልቢ አንድ ድል ይጎድለዋል።